«ቻሌንጅ»ን «ሶልቭ» ማድረግ ለምን አይሆንም? የእንግሊዝኛ ግሶች ከችግር ስሞች ጋር

የጠመኔ ብናኝ
ሰላም ለዚህ ቤት። የ11ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ድርሰት እያረምኩ ነው። ርዕሱ ወጣቶች ሥራ ሲፈልጉ ስለሚገጥማቸው ችግር ነው። የልጆቹ ሰዋስው ክፉ አይደለም። ግሱና ስሙ ግን አልተስማሙም። አንዷ «ሶልቭ ዘ ቻሌንጅ» ብላለች። ሌላው «ኮፕ አፕ ዊዝ ስትረስ»። ሌላው «ኤ ፕሮብሌም ፌስድ ሚ»። አንዱ ጎበዝ ደግሞ «ኦቨርካም ዘ ኢሹ» ብሎ ቁጭ።

በቀይ አሰመርኩባቸው። «ለምን ቲቸር?» ሲሉኝ ያለኝ መልስ «የቋንቋው ባለቤቶች እንደዚያ አይሉም» የሚል ብቻ ሆነ። ይሄ ለልጆቹ አይዋጥም። እውነት ለመናገር ለእኔም አልተዋጠልኝም።

እና ልጠይቃችሁ። ፌስ፣ ታክል፣ አድሬስ፣ ኦቨርካም፣ ኮፕ ዊዝ፣ ዲል ዊዝ፣ ሶልቭ፣ ሪዞልቭ፣ ሚት... የትኛው ከየትኛው ስም ጋር እንደሚሄድ የሚያሳይ ሥርዓት አለ? ወይስ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ መሸምደድ ነው?

ቦሌ ሚካኤል
ሽምደዳ ነው መምህር። አትድከም። ኮሎኬሽን ይባላል፣ የቃላት ጉርብትና ማለት ነው። ፈርዝ የሚባል እንግሊዛዊ የቋንቋ ምሁር በ1957 እ.ኤ.አ. ቃል የሚታወቀው አብሮት በሚውለው ነው ያለው ለዚህ ነው።

አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ስዘጋጅ ዝርዝሩን አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነው የያዝኩት። እዚያ ፈተና ላይ ጽሑፍ ከሚታረምባቸው 4 መስፈርቶች አንዱ የቃላት ሀብት ነው፤ 25 በመቶ ይይዛል። 7 ለማግኘት የሚጠበቀው መግለጫ ውስጥ ኮሎኬሽን በስሙ ተጠቅሷል። ስለዚህ ቀይ እስክሪብቶህ አልተሳሳተም።

ጉራማይሌ
ሽምደዳው ይቅር አልልም። ብቻውን ግን አይደለም። ቦሌ ሚካኤል የግሶችን ዝርዝር ነው የለጠፈው። እኔ ግሱን ትታችሁ ከስሙ ጀምሩ ነው የምለው። ስሙን ጠይቁት። ምን ዓይነት መከራ ነህ? መልስ ያለህ ነህ? መንገድ የዘጋህ ነህ? የምትጫን ነህ? ወይስ «እስቲ ሞክረኝ» የምትል ነህ?

ፕሮብሌም፣ ፐዝል፣ ሚስትሪ፣ ኢኩዌሽን መልስ አላቸው። ሶልቭ ይደረጋሉ። ሶልቭ የላቲን ዘር ነው፤ እዚያ ማላላት፣ መፍታት ማለት ነበር። እኛም ችግርን «እንፈታለን»። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ መንገድ ይዘዋል። ጣጣው የእኛ «ፈታ» ሥራ የበዛበት መሆኑ ነው። ችግር ይፈታል። ህልም ይፈታል። ጠብ ይፈታል። እስረኛ ይፈታል። ሚስትም ትፈታለች። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ሌላ ግስ አዘጋጅቷል። ልጆቹ ግን በአማርኛ አስበው አንዷን ሶልቭ ለሁሉም ያዳርሷታል።

ጠብ፣ ክርክር፣ አለመግባባት፣ ማለትም ኮንፍሊክትና ዲስፒዩት፣ ሪዞልቭ ነው የሚደረጉት። እንቆቅልሽ አንድ መልስ አለው፤ ጠብ ግን ሁለት ወገን አለው። ሁለቱም እሺ ካላሉ አያልቅም።

ኦብስታክል ሌላ ነው። ሥሩ ላቲን ነው፤ ፊት ለፊት ቆሞ መንገድ መዝጋት ነው ትርጉሙ። ስለዚህ ኦቨርካም ይደረጋል። ባሪየርም እንደዚያው። ፍርሃትና ዓይን አፋርነትም ኦቨርካም ይደረጋሉ፣ ሰውን ከመንገዱ ያስቀሩታላ። ኢሹ ግን መንገድ አይዘጋም። የመነጋገሪያ ጉዳይ ነው። ሬይዝ ታደርገዋለህ፣ ዲስከስ ታደርገዋለህ፣ አድሬስ ታደርገዋለህ፣ ከተሳካልህ ሪዞልቭ ታደርገዋለህ። የዚያ ጎበዝ ልጅ «ኦቨርካም ዘ ኢሹ» ሰማይ አይደፋም፤ አልፎ አልፎም ይሰማል። ጆሮ ግን ይጎረብጣል።

አሁን ወደ ቻሌንጅ። ይሄኛው ታሪክ አለው። ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው የመጣው፣ የፈረንሳይኛው ሥር ደግሞ ካሉምኒያ የሚባል የላቲን ቃል ነው፣ የሐሰት ክስ። መጀመሪያ ክስ ነበር። በኋላ የግጥሚያ ጥሪ ሆነ፤ «ወንድ ከሆንክ ውጣ» ዓይነት። ጥሪ አይፈታም። ትቀበለዋለህ፣ ትወጣለታለህ፣ ወይም ትሸሻለህ። ለዚህ ነው አክሴፕት፣ ቴክ አፕ፣ ቴክ ኦን፣ ሚት፣ ራይዝ ቱ የሚባለው። የመጨረሻው ቆንጆ ነው። ተቀምጠህ ነበር፣ ስምህ ሲጠራ ተነሣህ።

የሚጫኑት ደግሞ ስትረስ፣ ፕሬዠር፣ ሐዘን፣ ማጣት ናቸው። እነዚህ መልስ የላቸውም። ኮፕ ዊዝ። እየቻሉት መኖር ነው። የሚገርመው ኮፕ ሥሩ ፈረንሳይኛ ሆኖ መምታት፣ መቆራቆስ ማለት ነበር። ከድብድብ ተነሥቶ ቻይነት ላይ አረፈ።

ኮደር ነኝ
ጉራማይሌ፣ ጥሩ ነው ግን በእኛ ሙያ ይሄ ሕግህ ፈረሰ። «ሶልቭ ዘ ቻሌንጅ» በየቀኑ እንላለን። የኮዲንግ ቻሌንጅ የሚሰጡ ድረ ገጾች ሁሉ ላይ አለ። ባለቤቶቹም ይሉታል።

ጉራማይሌ
እንዲያውም ደገፍከኝ። እናንተ ቻሌንጅ የምትሉት ነገር መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ኮዱ ሮጦ ፈተናውን ካለፈ አለቀ። ስሙ ቻሌንጅ፣ ጠባዩ ፐዝል። ግሱ ጠባዩን ተከተለ። የሥራ አጥነት ቻሌንጅ ግን ፈተናውን አለፈ የሚል አረንጓዴ ምልክት የለውም።

ሪፖርት አሳዳጅ
የእኔ መተዳደሪያ ለለጋሾች ሪፖርት መጻፍ ነው። ስለ አድሬስ አንድ ነገር ልበል፣ ሆዴ ውስጥ ቆይቷልና።

አድሬስ ማድረግ ጨርሻለሁ ማለት አይደለም። ወደ ጉዳዩ ዞርኩ፣ አነጋገርኩት፣ አንድ ነገር ጀመርኩ ማለት ነው። ደብዳቤ አድሬስ ይደረጋል፣ ሕዝብ አድሬስ ይደረጋል፣ ችግርም አድሬስ ይደረጋል። በሦስቱም ፊትህን ወደ እሱ አዞርክ ነው። በዚህ ምክንያት ቢሮክራሲ ይህችን ግስ እንደ ዓይኑ ብሌን ይወዳታል። «ኢሹውን አድሬስ አድርገናል» ሲባል ብዙ ጊዜ ስብሰባ ተደርጓል ማለት ነው። ቃለ ጉባኤም ተይዟል። ቧንቧው ግን ውሃ የለውም።

ልምድ ያለው ለጋሽ ይቺን ይነቃታል። «አድሬስድ» ብለህ ስትጽፍ «ሪዞልቭድ ነው ወይ?» ብሎ በኅዳግ ይመልስልሃል። ስለዚህ መምህር፣ ለልጆቹ የግሱን ደረጃም ንገራቸው። አድሬስና ታክል ጅምርን ነው የሚናገሩት። ሶልቭ፣ ሪዞልቭና ኦቨርካም ፍጻሜን። መፈተኛው ቀላል ነው። «ችግሩን ታክል አደረግነው፣ ግን አሁንም አለ» ማለት ይቻላል። «ችግሩን ሶልቭ አደረግነው፣ ግን አሁንም አለ» ካልክ ውሸታም ነህ።

ሜዳ ላይ ነኝ
ታክልን ኳስ ተጫዋች ይወቀው። ታክል ገባህ ማለት ኳሱን አገኘህ ማለት አይደለም። ሰውዬውንም ልታገኘው ትችላለህ፣ ቀይ ካርድም ልታገኝ ትችላለህ 😄

ጉራማይሌ
ልክ ነህ። ቃሉ ራሱ ከሆላንድና ከሰሜን ጀርመን መርከበኞች ነው የመጣው፣ የመርከብ ገመድና ማንሻ ዕቃ ነበር። የዓሣ ማጥመጃውም ዕቃ ታክል ይባላል። ከዚያ መያዝ፣ በራግቢ ሰውን ጨብጦ መጣል ሆነ። ዛሬ ድህነት፣ ወንጀል፣ ሥራ አጥነት፣ ሙስና ታክል ይደረጋሉ። የእንግሊዝ ጋዜጦች በተለይ አይጠግቧትም። አጭር ናት፣ አርዕስት ላይ ትገባለች።

እትዬ ሰዋስው
መምህር፣ እንደምን አሉ። ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። «ኤ ፕሮብሌም ፌስድ ሚ» የሚለው አይግረምዎ። ከአማርኛው ነው። እኛ «ችግር ገጠመኝ» ስንል ባለቤቱ ችግሩ ነው። እሱ መጥቶ ነው ያገኘን። በእንግሊዝኛ ባለቤቱ ሰውየው ነው። «አይ ፌስድ ኤ ፕሮብሌም»። ልጁ ግሱን አላጣም፤ ባለቤቱን ነው ያቀያየረ።

ግን ጠንቀቅ ይበሉ። ልጁን «ችግር ባለቤት ሊሆን አይችልም» ካሉት ነገ ጋዜጣ ይዞ ይመጣብዎታል። «ዘ ፕሮብሌምስ ፌሲንግ ዘ ካንትሪ» ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው። አገሪቱ ፊት ለፊት የቆሙ ችግሮች እንደማለት ነው። በዚህ ቅርጽ ይፈቀዳል። «ትናንት አንድ ችግር ፌስድ ሚ» ግን አይባልም።

ሌላው፣ ፌስ መስተዋድድ አይወድም። «ፌስ ቱ»፣ «ፌስ አጌንስት» አይባልም። ተገብሮ ሲሆን ብቻ ዊዝ ይጨመራል፣ «አይ አም ፌስድ ዊዝ»። አድሬስም እንዲሁ፣ አባውት አይጨመርበትም። «ዲስከስ አባውት» የሚለው የዘመናት በሽታችን ዘመድ ነው።

የጠመኔ ብናኝ
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ፌስ መጋፈጥ ነው ወይስ ማጋጠም? አንዳንዴ ጀግንነት አለው፣ አንዳንዴ ምንም የለውም።

እትዬ ሰዋስው
ሁለቱንም ነው። «ብዙ ገበሬዎች ድርቅ ፌስ ያደርጋሉ» ሲባል ገበሬው ምንም አላደረገም፤ ድርቁ ነው የመጣበት። «ፍርሃትህን ፌስ ማድረግ አለብህ» ሲባል ግን አትሽሽ፣ ቀና በል ነው። «ሃቭ ቱ» ወይም «መስት» ከፊቱ ካዩ፣ ወይም ስሙ እውነት፣ ፍርሃት፣ ያለፈ ሕይወት ከሆነ፣ ወደ መጋፈጡ ያደላል። ኮንፍሮንት ሁልጊዜም ለማለት ይቻላል መጋፈጥ ነው። ለስላሳ ኮንፍሮንት የለም።

ከዜና ክፍል
እዚህ ላይ ልግባ። ዜና እተረጉማለሁ። «ሂ ፌስስ 10 ይርስ ኢን ፕሪዝን» የሚለውን «10 ዓመት እስራት ተፈረደበት» ብሎ የሚያወጣ ሰው አለ። ሰውየው ገና ፍርድ ቤት አልቀረበም! ፌስ ወደፊት የሚያይ ግስ ነው። «ጥፋተኛ ከተባለ እስከ 10 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል» ነው የሚባለው። «ፌስስ ቻርጅስ» ሲሆን ደግሞ «ክስ ቀርቦበታል»። በስፖርት ገጽ ላይ ብቻ ነው ቀለል የሚለው፤ አንዱ ቡድን ሌላውን «ይገጥማል» ብለን እናልፋለን፣ አማርኛውም እንግሊዝኛውም ሰላም ናቸው።

ሰሚ ያጣ
ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ሀተታ ለምንድን ነው? ልጁ «ሶልቭ ዘ ቻሌንጅ» ቢል ማን ያልገባው አለ? ህንዶች «ኮፕ አፕ ዊዝ» እያሉ የዓለምን ሶፍትዌር ይሠራሉ። እኛ ቀይ እስክሪብቶ ይዘን ልጅ እናሸማቅቃለን። እንግሊዝኛ የማንም ነው። የእኛም እንግሊዝኛ ይኑረን።

ቦሌ ሚካኤል
ሰሚ ያጣ፣ ግማሹን እስማማለሁ። በንግግር ላይ ማንም አይሞትም። ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። የውጭ ትምህርት ማመልከቻ፣ ስኮላርሺፕ፣ የሥራ ደብዳቤ ሲጻፍ አንባቢው የሚያይህ በወረቀቱ ብቻ ነው። ህንዱ መሐንዲስ ሥራውን ያሳያል። የ11ኛ ክፍል ልጅ ገና የሚያሳየው ሥራ የለውም።

ሰሚ ያጣ
እሱስ እውነት ነው። የማሸማቀቁ ነገር ግን ይቅር።

የሌሊት ሺፍት
ሰላም ከሜሪላንድ። ነርስ ነኝ። የሆስፒታል እንግሊዝኛ ለብቻው ትምህርት ቤት ነው።

ሕመምን ሶልቭ አናደርግም። ፔይን ሪሊቭ ይደረጋል፣ ኮንትሮል ይደረጋል፣ ማኔጅ ይደረጋል። ማኔጅ ማለት ባይጠፋም በልክ ያዝነው ነው። ደም መፍሰስ ስቶፕ ወይም ኮንትሮል። ኢንፌክሽን ትሪት። ለቅሶ ላይ ያለ ቤተሰብ ኮፕ እያደረገ ነው ይባላል። «ሃው ኢዝ ሺ ኮፒንግ?» ይሉሃል፣ ያለ ዊዝ። ምኑን እንደምትችል ሁሉም ያውቀዋል።

አዲስ ገቢዎችን የሚያስደነግጡ ሁለት አሉ። ማስታወሻ ላይ «በሽተኛው ቀዶ ሕክምናውን ዌል ቶሌሬት አደረገ» ይላል። ታገሠ ማለት አይደለም፤ ሰውነቱ ሳይታወክ ተቀበለው ማለት ነው። ሌላው ዲናይ ነው። «ፔሸንት ዲናይስ ቼስት ፔይን»። አንድ የአገሬ ልጅ ይሄን አንብቦ «ምን አድርገውት ነው የካደው?» አለኝ። ማንም አልካደም። ደረትህን ያምሃል ወይ ተብሎ ተጠየቀ፣ አያመኝም አለ። በቃ።

ኮደር ነኝ
እህቴ፣ ይሄ ዲናይ የሚሉት ጉድ ነው። እኛ ጋ ሲስተሙ ነው ዲናይ የሚያደርገው፣ አክሰስ።

የጠመኔ ብናኝ
ተመልሻለሁ። ጉራማይሌ እንዳለው ከስሙ ጀመርኩ። ስሞቹን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ ፕሮብሌም፣ ኦብስታክል፣ ቻሌንጅ፣ ስትረስ፣ ኮንፍሊክት። ግስ አልሰጠኋቸውም። በአማርኛ ምን እንደምናደርጋቸው ጠየቅኳቸው። እንቅፋት ይታለፋል አሉ። ጫና ይቻላል፣ ይቋቋሙታል አሉ። ፈተናን መወጣት አሉ። ጠብን ማብረድ ያለም ነበር። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ስንሻገር ክፍሉ ሞቅ አለ። አማርኛው ራሱ ግስ እንደሚመርጥ ልብ ብለው አያውቁም ነበር። «ጫናን መፍታት» ስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ግን አንዷ እጇን አውጥታ «ድህነትስ?» አለች። መልስ የለውም፣ መንገድ ይዘጋል፣ ይጫናል፣ ሁሉንም ነው። ክፍለ ጊዜው አለቀና አመለጥኩ። ነገ ትጠይቀኛለች።

ሪፖርት አሳዳጅ
የእኔ እንጀራ ላይ መጣች 😄 ድህነት ብዙ ግስ የሚያስተናግድ ስም ነው። የምትመርጠው የምትገባውን ቃል አይተህ ነው። አሊቪዬት ካልክ ታቀለዋለህ፣ ሰውየው ድሃ ነው ግን ሸክሙ ቀነሰለት። ሪዲውስ ካልክ በቁጥር ትጠየቃለህ። ታክል፣ ፋይት፣ ኮምባት ካልክ ዘመቻ ላይ ነህ፣ ውጤቱን ገና አልተናገርክም። ኢሬዲኬት ካልክ ከሥሩ ነቅለህ ልታጠፋው ነው፤ ግሱ ውስጥ የላቲኑ «ሥር» አለ። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የልማት ግብ ቁጥር 1 ደግሞ «ኤንድ ፖቨርቲ» ነው የሚለው፣ እስከ 2030። ሰውየው ራሱ ባለቤት ሲሆን ግን ኢስኬፕ ነው፣ ከድህነት ማምለጥ። መንግሥት ከድህነት አያመልጥም፣ ቤተሰብ ነው የሚያመልጥ።

«ሶልቭ ፖቨርቲ» የሚሉ አሉ። በተለይ የቴክኖሎጂ ባለሀብቶች ለበጎ አድራጎት ሲነሡ። እኔ በግሌ አልወደውም። መልሱ ኪሴ ውስጥ አለ የሚል ይመስላል።

የሌሊት ሺፍት
ኢሬዲኬት ላይ ልጨምር፣ በጤናው ዓለም ቀልድ አይደለችም። ኢሊሚኔት ማለት በአንድ አገር ወይም ክልል መጥፋት ነው። ኢሬዲኬት ማለት ከመላው ዓለም ነው። ከሰው በሽታዎች ኢሬዲኬት የተደረገ ተብሎ የሚጠራው ፈንጣጣ ብቻ ነው። በተፈጥሮ የያዘው የመጨረሻው ሰው በ1977 እ.ኤ.አ. ሶማሊያ ውስጥ ተገኘ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 ጠፍቷል ብሎ አወጀ። ፖሊዮን ገና እየታገልነው ነው። ስለዚህ ልጅቷ «ኢሬዲኬት» ብላ ከጻፈች ትልቅ ቃል እንደገባች ይወቁላት።

ቦሌ ሚካኤል
መምህር፣ ኢንተርኔት ካለህ ለልጆቹ ስኬል የሚባለውን ድረ ገጽ አሳያቸው። ነፃ ነው፣ ምዝገባም አይጠይቅም። ስሙን ትጽፋለህ፣ ከየትኛው ግስ ጋር እንደሚውል ይደረድርልሃል። ጠለቅ ማለት ከፈለግህ ኮካ አለ፣ ማርክ ዴቪስ የሠራው የአሜሪካ እንግሊዝኛ ክምችት፣ ከ1 ቢሊዮን ቃላት በላይ ነው። እሱ ምዝገባ ይፈልጋል። ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት ዝርዝር ላይ ግሱ በግራ ነበር፣ ጉራማይሌ ስሙን በግራ አድርገው እያለኝ ነው። ለፈተና ለሚዘጋጅ ወንድሜ ስሙን በግራ አድርጌ አዲስ እያተምኩለት ነው።

የጠመኔ ብናኝ
«ኮፕ አፕ ዊዝ»ን ግን ምን ላድርገው? ክፍሉ ግማሹ ይላታል። መምህራን ክፍል ውስጥም ትሰማለች፣ ስም አልጠራም።

እትዬ ሰዋስው
እሷ የመጣችው ከ«ኪፕ አፕ ዊዝ» ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡላቸው። ኪፕ አፕ ዊዝ እኩል መራመድ ነው፣ ከክፍል ጓደኛ ጋር፣ ከኑሮ ውድነት ጋር። ኮፕ ዊዝ መቻል ነው። «አፕ» ያለችው የምትሮጠው ጋ ነው በሏቸው። ለብዙ ዓመት የሠራልኝ ዘዴ ይሄ ነው።

ኮደር ነኝ
ዴድላይንስ? እኛ ጋ ዴድላይን ሁልጊዜ ችግር ነው።

ሪፖርት አሳዳጅ
ሚት ወይም ሚስ። ኤክስቴንድ ደግሞ ለጋሹ በጎ ሲሆን። ታርጌት፣ ዲማንድ፣ ሪኳየርመንት፣ ኒድ፣ ሁሉም ሚት ይደረጋሉ። አንድ ልክ ተቀምጧል፣ አንተ እዚያ ትደርሳለህ።

የጠመኔ ብናኝ
የመጨረሻ። ለክራይሲስ የቱን ልስጥ? መጽሐፉ ላይ ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት አለው።

ጉራማይሌ
ሰዓቱን ተመልከት። ገና ካልመጣ አቨርት። ከመጣ ዲል ዊዝ ወይም ማኔጅ፣ ከጨረስከው ሪዞልቭ። ምንም ሳታደርገው እስኪያልፍ ድረስ ሳትሰበር ከቆየህ ዌዘር፤ ይሄኛውም የመርከበኛ ቃል ነው፣ ማዕበል የሚያልፍበት። ሶልቭ ዘ ክራይሲስም ይባላል፣ ብትሰማው በቀይ አታስምርበት።

የጠመኔ ብናኝ
ደግ። ነገ 3ኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ድህነትን አስቀድሜ፣ ክራይሲስን አስከትዬ እገባለሁ። ልጅቷ ሌላ ስም ይዛ ከመጣች እዚሁ እመለሳለሁ።